ቁጥር አራት ናሙና

የመቶ አለቃ ኢቲቻ መቱ ሲደርስ ሬሳው ተቀብሮ ነበር።

ከጎሬ የተነሣው ረቡዕ፣ ሰኔ ፲፰ ቀን ፲፱፻፶ ዓ.ም.፣ ጎህ ሳይቀድ ነው። የፖሊሱ ጂፕ ከከተማው ሳይወጣ ጭቃ ዋጠው። በበቅሎ ቢመጣ በቅሎዋ ድልድይ ላይ ስትደርስ ለገመች፤ ወርዶ ሲጎትታት አዳልጦት ጉልበቱን ድንጋይ ገሸለጠው። ዝናቡንስ ተዉት፤ በዚህ አገር ሰኔ ላይ ዘነበ ብሎ የሚያወራ የለም። ይህን ሁሉ ተሰቃይቶ መጥቶ መጀመሪያ የሰማው ግን ይሄንን ሆነ።

«ትናንት በአሥራ አንድ ሰዓት ተቀበሩ ጌታዬ» አለ የጣቢያው ተረኛ አስር አለቃ ጅራታ፣ ቀጥ ብሎ ሰላምታ እየሰጠ።

«ማን ፈቀደ?»

«ሐኪሙ በመርዝ የሞተ አያድርም አሉ። ቀኛዝማችም ‹ቅበሩት› አሉ።»

«እኔ እስክመጣ ሬሳው እንዳይነካ ብዬ ስልክ አላስደወልኩም?»

«ተደውሏል ጌታዬ። ስልኩ ውስጥ ግን ከዝናቡ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም።»

ኢቲቻ ቆቡን አውልቆ ውሃውን አራገፈ። አሥራ አምስት ዓመት ፖሊስ ሆኖ ሲሠራ ሌባም ነፍሰ ገዳይም እንደ ችኩል ሹም አበሳጭቶት አያውቅም። ሌባ እንኳ ዱካውን ትቶልህ ይሄዳል፤ ችኩል ሹም ግን ዱካውን ጠርጎልህ «ና መርምር» ይልሃል።

ሟቹ አቶ ገብረ መድኅን የመጠጥ ተቆጣጣሪ ነበር። በየካቲት ወር ከአዲስ አበባ አንድ ደንብ ይዞ መጣ። ጠጅም ሆነ አረቄ የሚሸጥ ሁሉ ፈቃድ ያውጣ፤ ፈቃድ የሚፈልግ ሁሉ መጠጡን ያስመርምር። ከየቤቱ ከአንድ ጋን ሦስት ጠርሙስ ያስቀዳል፣ በሲባጎ ያስራል፣ ቀይ ሰም አቅልጦ በቁጥርና በማኅተም ያሽጋል። አንዱ ጠርሙስ ለባለቤቱ ይሰጣል፣ አንዱ ቢሮው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፣ አንዱ አዲስ አበባ ለምርመራ ይላካል። ከማሸጉ በፊት ግን ራሱ ይቀምሳል። እስከ ሰኔ ሠላሳ ፈቃድ ያላገኘ ቤት በሩ ይታሸጋል።

ማክሰኞ ጠዋት ይህ ሰው ከጠረጴዛው እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። ፊት ለፊቱ ሰሙ የተሰበረ ጠርሙስ፣ አጠገቡም ግማሹ የተጠጣ መለኪያ አለ። ጠርሙሱ ቁጥር አራት ነው፤ ቁጥር አራት ደግሞ የዋሪቱ አረቄ ቤት ናሙና ነው። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ሸዋንግዛው፣ ከተማው «ሐኪሙ» የሚለው፣ ከጠርሙሱ የተረፈውን በሥጋ ለውሶ ገበያ መሐል ለአንድ ውሻ ሰጠ። ውሻው ሕዝብ እያየው ሞተ። በዚያው ሰዓት ዋሪቱ ታሰረች።

ገዥው ቀኛዝማች ጥሩአየሁ ኢቲቻን የተቀበሉት የተጻፈ ወረቀት ይዘው ነው።

«ገዳይዋ ተይዛለች። ፈርምና ውሰዳት።»

«ቀኛዝማች፣ ገና አሁን መምጣቴ ነው። አንድ ቀን ይስጡኝ።»

«ነገ በስድስት ሰዓት የቡና ጭነት መኪና ወደ ጎሬ ይወጣል። እሷም አብራ ትወጣለች። የመንግሥት ሰው ገድላ፣ መቼም ከገመድ አታመልጥም።»

«ካልገደለችስ?»

«ውሻው ሞተ እኮ ጃል! ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

ዋሪቱን ያሰሯት በአሮጌ የቡና መጋዘን ነው። አርባ ዓመት ያለፋት፣ ፊቷ ቆጣ ያለ ሴት ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ስድስት ዓመት አረቄ እያወጣች ሁለት ሴት ልጆቿን አሳድጋለች። ልጆቹ አሁን ጎረቤት ተጠግተዋል፤ ቤታቸው ታሽጓል።

«እትዬ ዋሪቱ፣ ሟቹን ይጠሉት ነበር?»

«እጠላው ነበር እንጂ! ሦስት ጊዜ መልሶኛል። አንዴ ሽንት ቤቱ ራቀ አለ፣ አንዴ ቀረበ አለ፣ አንዴ ከቤተ ክርስቲያን ያለውን እርምጃ በራሱ እግር ለካ። የጠላሁትን ሁሉ ብገድል መቱ ሰው ይቀራት ነበር?»

ኢቲቻ ሳቁን ዋጠ። «ሰኞ ናሙናውን ሲወስድ ምን ሆነ?»

«ምን ያልሆነ አለ! በጠዋት መጣ። ከጋኑ ሦስት ጠርሙስ አስሞላኝና ቁጭ አለ። ‹ጋሼ፣ ቀምሰው ያሽጉትና ሥራዬን ልሥራ› ስለው፣ ‹ዘጠኝ ሰዓት ይሙላ› አለኝ። ገበያዬ አለፈ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ እንደ ወጉ በመዳፌ ቀምሼ ሰጠሁት፣ ቀመሰ፣ ‹ጥሩ ነው› አለ፣ አሸገ፣ ሄደ። ሲሄድ ደኅና ነበር። እኔም ይኸው አለሁ።»

«ለምን ዘጠኝ ሰዓት?»

«እኔ ምን አውቄ! የመንግሥት ሰዓት መስሎኝ ነዋ።»

«ለእርስዎ የሰጠዎት ጠርሙስስ የት አለ?»

«የእርስዎ ሰዎች ቤቴን ሲፈትሹ ወሰዱት።»

ኢቲቻ ወደ አስር አለቃ ጅራታ ዞረ። ጅራታ ጣሪያውን እያየ «ተሰብሯል ጌታዬ» አለ።

«ተሰብሯል! ሬሳው ተቀብሯል፣ ስልኩ አይሰማም፣ ጠርሙሱ ተሰብሯል። መቱ ውስጥ ሳይበላሽ የቀረ ነገር አለ?»

ጅራታ ቀበቶውን አስተካከለ። ዋሪቱ ግን የመጋዘኑን በር ይዛ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጌታው፣ ልጆቼ ማንም የላቸውም» አለች። እስካሁን የተቆጣችው ለካ ላለማልቀስ ኖሯል።

ቢሮው ውስጥ ኦላና የሚባል ቀጭን ጸሐፊ ጠበቀው። ሬሳውን መጀመሪያ ያገኘው እሱ ነው፤ ዓይኑ እስካሁን ቀይ ነው።

«ምንም አልነካሁም ጌታዬ። ሐኪሙ ካነሡት ጠርሙስ በቀር ሁሉም እንዳለ ነው።»

«እግዜር ይስጥህ፤ በዚህ ከተማ የመጀመሪያው ሰው ነህ» አለ ኢቲቻ።

ጠረጴዛውን ዞሮ ዞሮ አየው። የቀለሙ ብልቃጥ ክዳኑ ተከፍቶ እስከ አፉ ሞልቶ ቆሟል። መለኪያው ቆሟል። ወረቀቶቹ በልክ ተደርድረዋል። አንድ ጠብታ የፈሰሰ ነገር የለም።

«ሬሳው እንዴት ነበር?»

«ወንበራቸውን ተደግፈው፣ ጋቢያቸው እስከ አገጫቸው ተጠቅልሎ። የተኙ ነው የመሰለኝ።»

«ውሻው ሲሞት አይተሃል?»

«ማየት ይሉታል! እንደ ቀስት እየተለመጠ አራት እግሩን ሲወረውር የአንዲት ባልቴት የበርበሬ ቁና ገለበጠ።»

ኢቲቻ ዓይኑን ከቀለሙ ብልቃጥ ላይ ሳያነሣ ጥቂት ቆመ። ከዚያ ወደ መደርደሪያው ሄደ። ለአምስት ጠርሙስ የተቆጠሩ አምስት ቦታዎች አሉ፤ የቁጥር አራት ባዶ ነው፣ ይህ ይታወቃል። የቁጥር ሁለትም ባዶ ነው።

«ቁጥር ሁለት የማን ነው?»

«የአቶ አብደታ ነው፣ የባለ ትልቁ መጠጥ ቤት። ሰኞ ማታ ቢሮውን ስዘጋ... ነበር እኮ!» ኦላና ደነገጠ።

መዝገቡን አስከፈተው። ሟቹ ለእያንዳንዱ ናሙና ቀለሙን፣ ሽታውን፣ ቅምሻውን በየዓምዱ ጽፏል። በአቶ አብደታ ረድፍ፣ ሽታ በሚለው ዓምድ፣ አንዲት ቃል አለች፦ «የጥጥ»።

«ምን ማለቱ ነው?»

«እኔም ጠይቄያቸው ነበር። ‹ነገ ጠዋት አጣርቼ እነግርሃለሁ› አሉኝ። ጥጥ ሽታ አለው እንዴ ጌታዬ? ብቻ ከፋሲካ ወዲህ የአቶ አብደታን መጠጥ በክፉ ያዩት ነበር። ቡሬ ከተማ ወስዶ ከሸጠው አረቄ ጠጥተው ሁለት ተሸካሚዎች ዓይናቸው ጠፋ፣ ሰው መተት ነው አለ፣ እሳቸው ግን መተት አይደለም ይሉ ነበር።»

«እሺ፣ አለቃህ ለምን ነበር እስከ ዘጠኝ ሰዓት የማይቀምሰው?»

ኦላና አመነታ። «ባይነገርባቸው ይወዱ ነበር። የሰኔን ጾም ይጾማሉ።»

«የሰኔን ጾም? የቄስ ጾም አይደለም እንዴ? እኔ የማውቀው ሕዝበ ክርስቲያን ሁሉ በሰኔ ክትፎውን ነው የሚቆርጠው።»

«እሳቸው ግን ከዘጠኝ በፊት ውሃም በአፋቸው አይዞርም። ቅምሻውም ጾም ይገድፋል ይሉ ነበር።»

«እና ማክሰኞ በጠዋቱ አረቄ ቀድተው ጠጡ?»

ጸሐፊው እጁን በራሱ ላይ ጫነ። ሁለት ቀን ሙሉ ሲያለቅስ ይህን አላሰበውም።

የበረንዳው ዘበኛ የማክሰኞን ጠዋት በቅደም ተከተል ነገረው። በሁለት ሰዓት ሟቹና ኦላና ገቡ። ኦላና ወዲያው ደብዳቤ ይዞ ፖስታ ቤት ሄደ። በሁለት ተኩል ሐኪሙ መጣ፣ እንደ ወትሮው ለአቶ ገብረ መድኅን ወገብ መርፌ ሊወጋ፤ ሲወጣ «እየጻፈ ነው፣ አትረብሹት» አለ። በሦስት ሰዓት አቶ አብደታ መጥቶ በረንዳው ላይ ቆሞ ተሳደበ፤ መልስ ሲያጣ ሄደ። በአራት ሰዓት ኦላና ተመልሶ ጮኸ።

«ይህን ለማን ነገርክ?»

«ማን ጠይቆኝ» አለ ዘበኛው።

ኢቲቻ ሬሳው ይውጣልኝ ብሎ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። የአገረ ስብከት ፈቃድ ያስፈልጋል ተባለ፤ ደብዳቤው ደርሶ እስኪመለስ አንድ ወር። ነገ በስድስት ሰዓት መኪናው ይወጣል! «አንድ ወር!» እያለ በቅጥሩ ሲንጎራደድ፣ ሬሳውን አጥበው የገነዙት መሪጌታ አዘኑለት።

«ልጄ፣ ሬሳውን ያየሁት እኔ ነኝ። እኔን ጠይቀኝ።»

«አፉ አረቄ አረቄ ይሸት ነበር?»

«አፉ? ከንፈሩ ደርቆ የተሰነጠቀ ነው። የጾመኛ አፍ አላውቅም? አረፋም የለ፣ ትውከትም የለ። ፊቱ ግን አብጦ ጠቁሯል፣ ዓይኑ ደም ለብሷል።»

«አንገቱስ?»

«አንገቱ ላይ ዙሪያውን ቀይ መስመር ነበር። ማዕተቡ የቆረጠው ነው ብለን አለፍነው።»

«ማዕተቡ ጠብቆ ነበር?»

መሪጌታው የራሳቸውን ማዕተብ ነኩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «የለም» አሉ። «ማዕተቡ ረጅም ነው፤ ደረቱ ላይ ነበር የወደቀው። እኔ ነኝ ያስተካከልኩት። እግዚኦ!»

ጉልበቱ ማበጥ ሲጀምር ኢቲቻ እያነከሰ ጤና ጣቢያ ገባ። ድሬሰር ሸዋንግዛው ነጭ ካፖርት የለበሰ፣ ጢሙን የተላጨ፣ ሲናገር የሚያባብል ሰው ነው። ሱሪውን አሰብስቦ ቁስሉን አየ።

«ትንሽ ያቃጥላል፣ ይቻሉት» አለና ጥጥ ነክሮ ጠረገው።

«ሬሳውን ሲመረምሩ ምን አገኙ?»

«ምን ምርመራ ያስፈልገዋል? አፉ አረፋ ደፍቋል፣ አረቄው ይሸታል። ደግ ሰው ነበር፤ በየጠዋቱ እኔው ነበርኩ የምወጋው።»

ኢቲቻ ፊቱን ወደ ጉልበቱ አቀረበ። «ይሄ ምንድን ነው የሚሸተው?»

«ስፒሪቶ ነዋ። በጥጥ ነክረን ቁስል የምንጠርግበት። የሚቃጠል እንጂ የሚጠጣ አይደለም፤ ዓይን ያጠፋል» አለ ሐኪሙ እየሳቀ።

«አይ፣ አልጠጣውም» አለ ኢቲቻ። በሽተኞች ተራ ከሚጠብቁበት ግድግዳ ጥግ አንድ የተቆለፈ ቁምሳጥን አየ። የውሻ መርዝ የሚቀመጠው እዚያ እንደሆነ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ውሻ ሲያስገድል ከዚያ እንደሚወስድ፣ ቁልፉም አንድ ብቻ፣ እሱም በሐኪሙ ኪስ እንደሆነ እግረ መንገዱን ጠይቆ ወጣ።

አቶ አብደታ ከመጠጥ ቤቱ ባንኮኒ ጀርባ ነበር። ትከሻ ሰፊ፣ ድምፀ ጎርናና ሰው።

«የተሳደብኩት ፈቃዴን ስላዘገየብኝ ነው። እኔን ሰኞ ጠዋት አስጠብቆ በዘጠኝ ሰዓት ከእሷ ቤት መጥቶ ቀመሰ፣ ፊቱን ቋጠረ፣ ዝም ብሎ ሄደ! ሰው አይናደድም?»

«ይናደዳል። ለአንተ የተሰጠህ ጠርሙስ ያ ነው?» ከነማኅተሙ ከመደርደሪያው ላይ ተሰቅሏል፤ የመንግሥት ማኅተም ያለበትን ነገር አብደታ ለደንበኛ ያሳያል።

«እሱን አልሰጥም! ንብረቴ ነው።»

«አስር አለቃ ጅራታ፣ ያን ጠርሙስ አውርድ። ይሄኛው ከተሰበረ ግን አንተንም እሰብርሃለሁ።»

ሐሙስ በሦስት ሰዓት ሁሉም በሟቹ ቢሮ ተሰበሰቡ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ በመቱ ሰኔ ግን ንጋቱም ስለማይጠራ መብራት አበሩ። ቀኛዝማች ወንበሩን ይዘው ሰዓታቸውን ያያሉ። ሐኪሙ፣ አብደታ፣ ኦላና፣ መሪጌታውና ዘበኛው በአግዳሚው ተደርድረዋል። ዋሪቱ እጇ ታስሮ በሩ ሥር ቆማለች።

«ቶሎ በል፤ መኪናው ይሄዳል» አሉ ቀኛዝማች።

«ከጠርሙስ እጀምራለሁ» አለ ኢቲቻ። «እትዬ ዋሪቱ ሰኞ ሦስት ጠርሙስ ከአንድ ጋን ሞሉ። ጋኑ መርዝ ከነበረው ሦስቱም መርዝ ናቸው። አስር አለቃ ጅራታ፣ ለእሳቸው የተሰጠውን ጠርሙስ ምን አደረጋችሁት?»

«ተሰ...»

«ጅራታ! ሴትዮዋ ልትሰቀል ነው።»

ጅራታ አንገቱን ደፋ። «ብርድ ነበር ጌታዬ። ሦስት ሆነን ጠጣነው።»

«ምን ተሰማችሁ?»

«ደስ አለን ጌታዬ።»

መሪጌታው እንኳ ሳቃቸው አመለጣቸው። ዋሪቱ ግን «ዋቃዮ! አምላኬ!» ብላ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ሦስት ፖሊስ ጠጥቶ ደስ ካለው አረቄው ንጹሕ ነበር ማለት ነው። መርዙ የገባው በቢሮው ጠርሙስ ላይ ብቻ፣ ሰሙ ከተሰበረ በኋላ ነው። እዚህ ቢሮ ደግሞ እትዬ ዋሪቱ ማክሰኞ አልመጡም።»

«ማን ጨመረው ታዲያ?» አሉ ቀኛዝማች።

«ይቆዩኝ። መጀመሪያ አቶ ገብረ መድኅን ከዚያ አረቄ አልቀመሱም። ውሻው ገበያ መሐል ቁና ሲገለብጥ አይታችኋል። ያንን መርዝ የጠጣ ሰው እዚህ ጠረጴዛ ላይ እንዴት ነው ክዳኑ የተከፈተ ቀለም ሳያፈስ የሚሞተው? መሪጌታ፣ አንገቱ ላይ ምን አዩ?»

መሪጌታው ተናገሩ።

«በሲባጎ ታንቀው ነው የሞቱት። በሲባጎ ናሙና የሚታሰርበት ቢሮ ውስጥ ገዳዩ ከቤት ይዞ መምጣት አላስፈለገውም። ከዚያ ጋቢውን እስከ አገጫቸው ጠቀለለ። ጠርሙሱን ለምን ከፈተ? እስቲ አስቡት። ሰው ታንቆ ሞተ ከተባለ ‹ጠዋት ማን ገባ?› ተብሎ ይጠየቃል። በአረቄ ሞተ ከተባለ ግን መርዙ ሰኞ የተጨመረ ነው፤ ማን ገባ ማን ወጣ ምን ያደርጋል? ይኸው ዘበኛውን ሁለት ቀን ማንም አልጠየቀውም።»

«እኔ በረንዳ ላይ ነው የቆምኩት!» አለ አብደታ።

«ዘበኛው መስክሮልሃል። ደግሞም አንተ ብትሆን በጠዋት መለኪያ አትቀዳላቸውም ነበር። ሰኞ ዕለት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አስጠብቀውሃል። እትዬ ዋሪቱንም አስጠብቀዋል። ኦላና የጾማቸውን ነገር ከነምክንያቱ ያውቃል። በዚህ ከተማ ፈቃድ የሚለምን ሁሉ፣ ይህ ሰው ከዘጠኝ በፊት እንደማይቀምስ አሳምሮ ያውቃል። የማያውቀው ፈቃድ የማያስፈልገው ሰው ብቻ ነው።»

ዓይን ሁሉ ወደ ሐኪሙ ዞረ። ሸዋንግዛው ፈገግ አለ።

«ጾም? የምን ጾም? በየጠዋቱ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ነው እኮ!»

«መድኃኒቱ በአፍ ነበር?»

«መጀመሪያ ክኒን ነበር፣ ኋላ ራሱ መርፌ ይሁንልኝ ብሎ...» እዚህ ላይ ፈገግታው ከፊቱ ጠፋ።

«መቼ ነው መርፌ ይሁንልኝ ያሉህ?»

«ጾሙ ሲገባ ነው» አለ ኦላና ከአግዳሚው ተነሥቶ። «መርፌ በአፍ አይገባም ብለው ነው። እኔ ፊት ነው ያሉት!»

«አፉ አረፋ ደፍቋል፣ አረቄ ይሸታል አልከኝ። አጥበው የገነዙት ሰው ደግሞ ደረቅ የጾመኛ አፍ ነው ይላሉ። ይቀበር ብለህ የቸኮልከውም አንተ ነህ።» ኢቲቻ የአብደታን ጠርሙስ ሰም ሰበረና በአንድ ጥጥ ላይ አፈሰሰ፤ ሌላ ጥጥ ከጤና ጣቢያው ስፒሪቶ ነከረ። ሁለቱን ለቀኛዝማች አቀረበ። «ያሽትቱ።»

«አንድ ናቸው» አሉ ቀኛዝማች፣ አፍንጫቸውን ሸብሽበው።

«ሟቹም በመዝገቡ ‹የጥጥ› ብለው ጽፈዋል። በየጠዋቱ የሚጠረጉበትን ጥጥ ሽታ ሰኞ ከአብደታ ናሙና ላይ አገኙት። የአብደታ የቢሮ ናሙና ከመደርደሪያው ጠፍቷል። ዛሬ ጎህ ሲቀድ ጅራታን ጤና ጣቢያ ልኬ ነበር።»

ጅራታ፣ ይህን ጊዜ ደረቱን ነፍቶ፣ አንድ ጠርሙስ ከጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ውስጡ አዮዲን ሞልቷል። አንገቱ ላይ ግን የተቀረፈ ቀይ ሰም፣ በሰሙም ላይ ቁጥር ሁለት ይታያል።

«መቆለፊያው ተሰብሮ ከመርዙ ቁምሳጥን የተገኘ ነው፤ ቁልፉ ደግሞ አንድ ብቻ፣ እሱም በአንተ ኪስ ነው። በመቱ ባዶ ጠርሙስ የሚጥል ሰው የለም። አንተም አልጨከንክም። ቁጥር አራትን ከዚህ አንሥተህ የውሻውን መርዝ ከዚያው ቁምሳጥን የጨመርክበትም አንተ ነህ።»

አብደታ ብድግ አለ። «እሱ ነው ስፒሪቶውን የሚያመጣልኝ! ቢፈላ ይጠራል አለኝ! እኔ ምን አውቄ!»

«ቡሬ ሁለት ሰው ሲታወር አውቀሃል» አለው ኢቲቻ። «ተቀመጥ፤ የአንተም ተራ ይደርሳል።»

ሸዋንግዛው እጆቹን አየ። ሲናገር ለራሱ የሚናገር ይመስል ነበር።

«‹ጥጥህና የአብደታ አረቄ አንድ ነው የሚሸቱት፤ ዛሬ ለአዲስ አበባ እጽፋለሁ› አለኝ። ሲናገር ቁጣ እንኳ አልነበረበትም። ከዚያ እንድወጋው ጀርባውን ሰጠኝ።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። የዋሪቱ እጅ ተፈታ። ሰው ሁሉ «እንኳን ለዚህ አበቃሽ» ሲላት እሷ ግን ዓይኗን ወደ ኦላና መዝገብ አዞረች።

«እንግዲህ ፈቃዴን ስጡኝ።»

ኦላና መዝገቡን ገለበጠ። ከዚያ ዓይኑን ከገጹ ሳያነሣ፣ «እትዬ፣ ናሙና የለም» አለ።

«የምን ናሙና የለም? ሦስት ጠርሙስ ሞላሁ አይደለም?»

«የቢሮው መርዝ ገባበት። የእርስዎን ፖሊሶቹ ጠጡት። ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው...» ወደ ቀኛዝማች ተመለከተ።

«ሶር ወንዝ አስጣልኩት! መርዝ ነው ስትሉኝ ምን ላድርግ?» አሉ ቀኛዝማች።

«ሌላ ይቀዳ» አለ ኢቲቻ። «ጋኑ አለ፣ ሴትዮዋ አሉ።»

«የሚቀምስና የሚያሽግ የተሾመ ተቆጣጣሪ ነው ጌታዬ። አዲስ እስኪሾም ቢፈጥን መስከረም ነው። ሰኔ ሠላሳ ደግሞ ዐሥራ አንድ ቀን ቀረው። ፈቃድ በሌለው ቤት የተገኘ መጠጥ ይወረሳል ይላል ደንቡ።»

«እኔ ቀምሼ እፈርማለሁ!»

«ደንቡ ፖሊስ አይልም፣ ተቆጣጣሪ ነው የሚለው።»

ኢቲቻ ጠረጴዛውን በቡጢ መታው፤ ያ ሳይፈስ የቆየ ቀለም አሁን ፈሰሰ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሁለቱ ሲገናኙማ ምን ይባላል? ቀኛዝማችን ለመነ፣ ተከራከረ፣ ጮኸ። ቀኛዝማች እጃቸውን ዘርግተው «ደንብ ነው እኮ ጃል፣ እኔ አላወጣሁት» አሉና ጃንጥላቸውን ፈለጉ።

የፖሊሱን እሽግ ከበሯ ላይ መንቀል ግን ይችል ነበር፤ እሱን በገዛ እጁ ነቀለው። ልጆቿ ሮጠው ቀሚሷ ላይ ተጠመጠሙ። ዋሪቱ ሳመቻቸው፣ ወደ ውስጥ ገባች፣ ብዙም ሳትቆይ ከጓዳ የመጀመሪያውን ጋን እየጎተተች ወጣች። ኢቲቻ ሊያግዛት ቢጠጋ በክርኗ ገፋችው። ደጃፏ ላይ አዘንብላ ደፋችው። አረቄው ከዝናቡ ጋር ተቀላቅሎ ቁልቁል ወደ ገበያው ወረደ። ጎረቤት ወጥቶ «ምነው ዋሪቱ! ምነው!» ይላል።

«ተወርሶ ጣቢያ ከሚጠጣ መሬት ይጠጣው» አለች።

ሁለተኛውንም ደፋች። ከዚያ ቀና ብላ፣ ዝናቡን ከፊቷ በመዳፏ ጠርጋ፣ ኢቲቻን አየችው።

«ገላቶሚ፣ ጌታው፤ ነፍሴን አትርፈውልኛል፣ ውለታዎን አልረሳም። ገዳይ ሲያገኙ ሁለት ቀን ነው የፈጀብዎ። ፈቃድ የሚሰጠኝ ሰው ደግሞ ሲያገኙ ይላኩብኝ።»

ልጆቿን አስገብታ በሩን ዘጋች። ኢቲቻ ቆቡን ደፋና እያነከሰ በቅሎዋን ሊፈልግ ሄደ።